የተቆለፈበት መቀስ

ፊደል አልቆጠርኩምና በቤታችን ምክር ሲጀመር መደገፊያ ትራስ ይመጣልኛል እንጂ ቃል የሚጠይቀኝ የለም። «እሷ ምን ታውቃለች» ይላሉ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ። የምሰማ አይመስላቸውም። ይህን ጉዳይ ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አድምጡ።

ካፖርቴን ልወስድ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስሄድ የእህቱን ልጅ ከሱቁ በር ላይ ሻንጣ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ልጅ እላለሁ እንጂ ጢሙ የሞላ ሰው ነው። መጀመሪያ ድባቴ የሚሉት ሕመም አልጋ ላይ ጣለው፤ ከዚያ መጠጡ ተከተለ። ማገገሚያ ገብቶ፣ ታክሞ ከተመለሰ ሰንብቷል። ፊቱ ጠርቷል፤ እጁም አይንቀጠቀጥም።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ማንም ወደማያውቀኝ ከተማ፣ እማማ። እዚህ አዝራር ከመትከል በቀር የሚሰጠኝ ሥራ የለም።»

«ሻንጣህን አስቀምጥና ጠብቀኝ። እኔ ካፖርቴን ሳልለካ የትም አትሄድም።»

ገባሁና ለበስኩት። አንዱ እጅጌ ከአንጓዬ በላይ ቀረ፤ ሌላው ጣቶቼን ዋጣቸው።

«ይኼን ማን ነው የቆረጠው?»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን ወለወለ። «እኔ ነኝ እትዬ።»

የተማረ ሰው ነው፤ ጋዜጣ ሳያነብ ሥራ አይጀምርም። ዓይኑ ግን ከደከመ ቆይቷል። ሲቆርጥለት የኖረው የእህቱ ልጅ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ቆራጭህ ምን ሆነና?»

ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትልቁን መቀስ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ያው ያውቁታል፤ አእምሮውን የታመመ ሰው ስለት ይዞ ሲያዩት ደንበኞች ምን ይላሉ? ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አዝራር ይትከል ብዬ ነው፤ ለራሱም ክብር።»

«ሐኪሙ ስለት አትስጡት ብሎሃል?»

«የለም፤ ወደ ሥራው ይመለስ ነው ያለው።»

«ታዲያ አንተ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆንክ? እጅጌ እንኳ አስተካክለህ መቁረጥ አቅቶህ።»

«እትዬ፣ መጠጥ እኮ የራስ ፈቃድ ነው። ነገ ቢመለስበትስ?»

«ስኳርህ ሲነሳብህ ምን አደረግን? ሐኪም ዘንድ ወሰድንህ እንጂ መርፌና ክርህን ቀማንህ? ጣፋጭ ተደብቀህ ስትበላ ያላየንህ እንዳይመስልህ። እሱም ቢመለስበት ይታከማል። ተደብቆ እንዲጠጣ የሚገፋው ይልቅ ይኼ መጋረጃህ ነው።»

«ስኳርና አእምሮ አንድ አይደሉም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ። አነጋገሩ ትሁት ነው፤ ልቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ካፖርቱን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

«ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ኩላሊቷን ታማ ተኛች ሲሉህ ብርቱካን ይዘህ አልመጣህም?»

«እንዴታ። ከአልጋዎ አጠገብ ሆኜ ሳጫውትዎ አልነበር?»

«ኩላሊቴ ደህና ነበር። የታመመው አእምሮዬ ነው። ኩላሊቷን ነው ብላ ያስወራችው ልጄ ናት፣ በሕመሜ አፍራ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ውኃ መጎንጨት እንኳ ታክቶኝ ነበር። የተነሳሁት ኪኒን ውጬ፣ የሆዴን ለሐኪሟ ተናግሬ ነው። እውነቱን ብትሰማ ኖሮ ትመጣ ነበር?»

 ውሸት አይችልበትም፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

«አልመጣም ነበር» አለ።

«ያን ጊዜ የአንተ ጨዋታ ከኪኒኑ እኩል ነው የጠቀመኝ። ለሌለ የኩላሊት በሽታ የሰጠኸውን ጨዋታ ለገዛ እህትህ ልጅ ነፈግኸው።»

ለካ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። «ጋሼ» አለ፣ «ያንገበገበኝ መቀሱ ብቻ አይደለም። እኔ ስገባ ወሬ ታቆማላችሁ። ሲከፋኝ እነግርዎታለሁ፤ ሐኪም ዘንድም ስሄድ ተናግሬ ነው የምሄደው። እርስዎ ብቻ እንደ ድሮው ይስደቡኝ።»

ልብስ ሰፊው ከአንገቱ ላይ ቁልፉን አወለቀ። ሣጥኑን ከፈተና መቀሱን በእጀታው በኩል አቀበለው። ከዚያም «ያን ሻንጣ ከበሩ ላይ አንሳ፤ ደንበኛ ሊጥልብኝ ነው፣ ደንቆሮ» አለው። ልጁ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ።

አሁን መጋረጃው የለም። ቆራጩ መስኮቱ ሥር ብርሃን ላይ ይቆርጣል፤ የአጎቱ ዓይን አረፈ፤ የሰፈሩም እጅጌ እኩል ሆነ። አንድ ሁለት ሰው ልብሱን ሌላ ቦታ ወስዷል፤ ይውሰድ። በፈንታው ጎረቤታችን ስለ ወንድሟ መጠጥ ቆራጩን ድምፅዋን ሳትቀንስ ስትጠይቀው ሰማሁ፤ ማገገሚያው የት እንደሆነ ነገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን የኖርን ሰዎች ይኼን በሽታ ብቻ መደበቃችን ይገርመኛል።

አንቺም ልጄ፣ ትራሱን ወዲያ አድርጊና ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ እናትሽ ምን ነበር የታመመችው ሲሉሽ ሕመሙን በስሙ ጥሪው፣ አንገትሽን ቀና አድርገሽ። ኩላሊቴን ተዪልኝ።