የአርባ አንድ ቤት ፈቃድ

ወይዘሮ ሐመልማል ከአባታቸው ከመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጦታ ያርጋል በ1957 ዓ.ም. በዳባት ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ትምህርታቸውንም በዳባትና በደባርቅ ተከታትለው፣ ጎንደር ወርደው በጤና ረዳትነት ተመረቁ። ከመምህር ሀብተ ሚካኤል ጋር በተክሊል ተጋብተው ሃናንና ቃለ አብን አፈሩ። ደግ ነበሩ፤ ቁጡም ነበሩ፤ ይህን የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ቁጣቸውን ጠግቤዋለሁና ምስክር ነኝ።

በ2003 ዓ.ም. የሕፃናትን የደም ማነስ ለሚመረምር ጥናት በየገጠሩ ደም እንዲሰበስቡ ተቀጠሩ። አስቀድሞ የፈቃዱን ወረቀት ለወላጅ ማንበብ ግዴታቸው ነበር፤ ዳሩ ግን ሰዉ የመሪጌታን ልጅ አክብሮ «እርስዎ ካሉ ምን ይነበባል?» እያለ አውራ ጣቱን ለቀለም ሲዘረጋላቸው፣ ይሉኝታ ይዟቸው፣ አርባ አንድ ቤት ሳያነቡ አስፈረሙ።

ከወር በኋላ ከእናቶቹ አንዷ፣ ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ ደባርቅ ገበያ ላይ አግኝተዋቸው «የልጄ መድኃኒት መቼ ይመጣል?» ሲሉ ጠየቋቸው። ለካስ ደሙ ለሕክምና የተወሰደ መስሏቸው በተስፋ ሲጠብቁ ኖረዋል! እህቴ በዚያን ቀን እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ሕፃኗን ጤና ጣቢያ ወስደው አሳከሙ፤ ከዚያም ማንም ሳይደርስባቸው ጥፋታቸውን ለአለቃቸው ራሳቸው ተናገሩ። ደሙ ተወገደ፣ እሳቸውም ከሥራ ታገዱ።

በእገዳቸው ወራት አርባ አንዱንም ቤት በእግራቸው ዞረው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ፣ «እምቢ ማለት ይችሉ ነበር፤ አልነገርኩዎትምና ይቅር ይበሉኝ» አሉ። የሳቀባቸው ነበር፤ በር የዘጋባቸውም ነበር። ወይዘሮ አመተ ማርያም ተቆጥተው የልባቸውን ከተናገሩ በኋላ ይቅር አሏቸው። የእህቴ እገዳ ተነሥቶ ጥናቱ እንደገና ሲጀመር ግን ሁሉን አድምጠው «የኔ ልጅ ትቅር» አሉ፤ እህቴም እጅ ነሥተው፣ አመስግነው ወጡ። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ እንደ እህትማማች ኖሩ፤ እኛም ተመስገን እንላለን።

ወይዘሮ ሐመልማል ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በስድሳ ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል።

ይህን ታሪክ እዚህ ከማንበቤ በፊት ትናንት ወይዘሮ አመተ ማርያምን ቤታቸው ሄጄ አስፈቅጃለሁ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ቃል ካስነበቡኝ በኋላ፣ እንባቸውን ጠርገው «ይነበብ» ብለዋል።

የይቅርታ ባለቤት አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ አሜን።