ከመዝገብ ቤት የወጣ ፋይል

(አዳማ፤ ሐሙስ ምሳ ሰዓት። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡት ወይዘሮ ደብሪቱ ሳሎናቸው ተቀምጠዋል፤ መምህርት ልጃቸው ኅሊና ከትምህርት ቤት ወጥታ ምሳ ይዛላቸው ገብታለች።)

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ምሳውን ተዪውና ፓስወርዱን ንገሪኝ።

ኅሊና፦ እማዬ ደግሞ! ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ? ኔትወርክ የለም አልኩሽ እኮ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ኔትወርክ ማን ጠየቀሽ? ፓስወርድ ነው ያልኩሽ። ሆስፒታሉ የኔን ውጤት የሚያወጣበት፣ አንቺ በስልክሽ የምትከፍችው።

ኅሊና፦ ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁልሽ አይደል? ሲመጣ እነግርሻለሁ። ይልቅ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ብዪ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አልራበኝም።

ኅሊና፦ ጠዋትም አልበላሽም አሉኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማን አለሽ?

ኅሊና፦ እትዬ ሸዋዬ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ይኸውልሽ! እሷን ልልሽ ነው። ሸዋዬ ጎረቤቴ ከሆነች ሃያ ዓመት አለፈ። ቆሻሻሽን ከደጄ አንሺ ባልኳት ቁጥር ስንኳረፍ ነው የኖርነው። ባለፈው ሳምንት ጀሪካኔን ተሸክማ ወጥ ቤት ድረስ አስገባችልኝ። «አንቺ እንዳትደክሚ» አለችኝ። እኔን!

ኅሊና፦ ደግ ሰው ናቸው እኮ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ከመቼ ጀምሮ? የወንድምሽ ሚስት ደግሞ ደውላ ስታወራኝ ትንሰቀሰቃለች። ምን ሆነሽ ብላት «ጉንፋን ነው» አለችኝ። ሰው በጉንፋን ይንሰቀሰቃል? አንቺም ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ብዪ ብዪ ትይኛለሽ። ሰው ሲያረዱ ነው መጀመሪያ የሚያበሉት፣ ኅሊና። እኔ በዚህ ሰፈር ስንቱን አርድቻለሁ፤ ወጉን አውቀዋለሁ።

ኅሊና፦ ኧረ ተይ እባክሽ! ምግብ ማምጣትም ጥፋት ሆነ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሰው ሁሉ ድንገት ደግ ሆነብኝ። ደግ አይወደድም አልልም፤ ግን ያስፈራል። ለማን ነው የነገርሽው?

ኅሊና፦ ለማንም።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ኅሊና።

ኅሊና፦ ለያሬድ ብቻ! ወንድሜ ነው፣ ልጅሽ ነው። ያንን የአልትራሳውንዱን ወረቀት ስክሪንሾት አድርጌ ላክሁለት። እሱ ለሚስቱ አሳያት። እሷ ደግሞ… ለጸሎት ብላ…

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ለጸሎት ብላ ምን አደረገች?

ኅሊና፦ የማኅበሯ ግሩፕ ላይ ለጠፈችው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ስንት ናቸው እነሱ?

ኅሊና፦ እኔ እንጃ። አርባ ምናምን ይሆናሉ። የእትዬ ሸዋዬ ልጅም አለችበት።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ወይ ጉድ! እግዜር በአንድ ሰው አፍ ቢነገረው አይሰማም ነበር? ወረቀቱ ላይ እኮ ስሜ ከነአባቴ፣ ዕድሜዬ፣ ጡቴ የትኛው እንደሆነ ሳይቀር አለ።

ኅሊና፦ በክፋት አይደለም፣ እማዬ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ክፋት መች አልኩ? ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠራሁ። የስንቱ ፍቺ፣ የስንቱ ጉድ በእጄ አለፈ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ዛሬ ማን ከማን ተካሰሰ?» ሲለኝ ወጥ ልጨምርልህ እለው ነበር እንጂ ትንፍሽ አልልም። ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። የሰውን ፋይል እንዲያ የጠበቅሁት ሴትዮ፣ የራሴ ፋይል ሲዞር ሰፈሩ ሁሉ አየውና እኔ ቀረሁ። አፈርኩ፣ ልጄ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሁሉም ደረቴን የሚያዩኝ ይመስለኛል።

ኅሊና፦ እኔስ? እኔስ ምን ላድርግ? ብቻዬን ተሸክሜው ልሙት? ልጆቹን ፈተና ላይ አስቀምጬ እኔ ስልኬን ነው የማየው። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሰዓቱ አልቋል» አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ደክሞኛል፣ እማዬ። ለአንቺ ስስቅ መዋሉ ነው ከሁሉ የደከመኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማን ሳቂ አለሽ?

ኅሊና፦ የደም ግፊትሽን ፈራኋ! ወረቀቱ «ያጠራጥራል፣ ናሙና ይወሰድ» ነው የሚለው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ናሙናውን ሲወስዱልሽም «ለጥንቃቄ ነው» አልኩሽ። አንቺስ አያቴ ሲታመሙ ምን አደረግሽ? «ጨጓራ ነው» ስትያቸው ከርመሽ አይደል የቀበርሻቸው?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ …አዎ። እንደሱ አድርጌያለሁ።

ኅሊና፦ ይቅርታ። ከአፌ አመለጠኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አይ፣ እውነት ነው። አባቴ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ደብሪቱ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጨጓራ ነው?» አለኝ። ፊቱን ማየት አቅቶኝ ወጣሁ። መሬቱን ለማን እንደሚሰጥ፣ ማንን ይቅር እንደሚል፣ ሊለው የፈለገውን ሁሉ ሳይል ሄደ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው የምለምንሽ።

ኅሊና፦ እሺ በቃ። እሺ። ስምሽ ነው፤ ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ይሄ ነው ቁልፍ? ይሄንንማ ሸዋዬም ትከፍተዋለች!

ኅሊና፦ እንዳልረሳው ብዬ ነው። ያሬድም ያውቀዋል። ግን ብነግርሽም አይከፍትም። ከማክሰኞ ጀምሮ «ፓስወርዱ ተሳስቷል» ይለኛል። ኮድ ላክልኝ ስለውም ስልኬ ላይ አይመጣም። ሲስተማቸው ተበላሽቶ መሆን አለበት።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ የናሙናውን ውጤት አላየሽማ?

ኅሊና፦ በእናቴ አላየሁም። ይምጣ አይምጣ እንኳ አላውቅም። እሱ ነው ያሳበደኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሲስተሙ ደህና ነው።

ኅሊና፦ በምን አወቅሽ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ነበር።

ኅሊና፦ ብቻሽን?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ከመታወቂያዬ ጋር። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ፎቶውን ከፊቴ ጋር አስተያየችና «እማማ፣ ይሄ የተመዘገበው ስልክ የርስዎ ነው?» አለችኝ። የልጄ ነው አልኳት። «ፋይሉስ የማን ነው?» አለችኝ። በገዛ ሙያዬ መጣችብኝ! ያንቺን ቁጥር አውጥታ የኔን አስገባች።

ኅሊና፦ አንቺ ነሽ የቀየርሽው?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እኔ ነኛ። አዲሱን ፓስወርድ ስጽፍ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አላየችም። ደስ አለኝ፤ የድሮ ሥራዬን መሰለኝ። «ሆስፒታሉ ነኝ ብሎ ቢደውል እንኳ ለማንም እንዳይሰጡ» አለችኝ። ለማንም አልሰጠሁም።

ኅሊና፦ ታዲያ ከገባሁ ጀምሮ ፓስወርድ አምጪ የምትይኝ ለምንድነው?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አንቺ በአፍሽ ትነግሪኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ከወረቀት ሳይሆን ካንቺ መስማት ፈልጌ ነበር።

ኅሊና፦ እማዬ… ውጤቱ መጥቷል?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ።

ኅሊና፦ እንግሊዝኛ እኮ ነው። ተሳስተሽ እንዳይሆን። ማንን አስነበብሽ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማንንም። ያንቺን የስምንተኛ ክፍል መዝገበ ቃላት ከሳጥን አወጣሁና መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ ፈለግሁ። ግማሹ ቃል የለበትም። የፈራሁት ግን ነበረበት።

ኅሊና፦ ስልኩን ስጪኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ስልኩ የኔ ነው።

ኅሊና፦ ልቤን አታውልቂው! ምን ይላል? በሞቴ ንገሪኝ!

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እነግርሻለሁ። እኔ አልደብቅሽም። ነዪ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ… መጀመሪያ ግን ምሳሽን ብዪ።