የእማማ ተረፈችን የቆጮ ጉድጓድ ማን ከፈተው?

የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንዙን ተሻግራችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፤ ድካማችሁን እግዜር ይቁጠረው። «ሟች ከሁላችን አብልጣ የምትወደው ማንን ነበር?» ብሎ በሆዱ ያልጠየቀ ለቀስተኛ አለ? እኔ ጠይቄያለሁ። መልሱንም አውቀዋለሁ። እኔን አልነበረም።

እኔ ዘቢደር ነኝ፤ የልጅ ልጇ፣ አምና ሐምሌ በእርሻ ሳይንስ የተመረቅሁት። የእማማ ቤት የሴቶች ቤት ነው። አያቴ፣ እናቴ፣ የወንድሜ ሚስት ርስቴ፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሆነው እንሰት ሲፍቁ ያላየ የለም። ከአያቴ አጠገብ ያለው ቦታ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ነበር። ተመርቄ ስመለስ ርስቴ ተቀምጣበታለች። ቀናሁ።

«እማማ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» ብላት፣ «ምሁሯ መጣች! መጀመሪያ ያን ጥፍርሽን ቁረጪና ነይ» አለችኝ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ርስቴ ብቻ አልሳቀችም። በጨዋነቷም ቀናሁ።

በጉድጓድ የሚብላላው ቆጮ መድረሱን የምታውቀው እማማ ነበረች። ከጉድጓዱ ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች። «ገና ነው» ካለች ገና ነው። ያን ማሽተት ለማን አስተማረች? ለእኔ? ለርስቴ!

ጥቅምት ላይ ሁሉም ገበያ ወረዱ። እኔ የትልቁን ጉድጓድ ድንጋይ አነሳሁ፤ ቅጠሉን ገለጥሁ፤ የአሲድ መለኪያ ወረቀቴን ነከርሁ። ወረቀቱ «ደርሷል» አለኝ። አሁን ያዩኛል ብዬ ብቻዬን ጨፈርሁ። ቅጠሉን ግን እንደነበረ መመለስ አልቻልሁም፤ አየር ገባው። በወሩ ሲከፈት ጠቁሯል፣ ትል ያፈላል። የስንት ሴት ጉልበት፣ የስንት ወር ምግብ!

መንደሩ «የምራቲቱ እጅ ነው» አለ። እኔስ? ዝም። እማማ ርስቴን አቅፋ፣ «የሚሠራ እጅ ነው የሚሳሳተው፤ ሌላ እንቆፍራለን ልጄ» አለቻት። ታምኑኛላችሁ? ጥፋቱ የእኔ፣ እቅፉ የእሷ፤ በዚያም ቀናሁ።

ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬኑ ሳይወጣ፣ አክስቴ አስካለች ጎትታ ወሰደችኝ። «ጉድጓዶቹን አንቺ ነሽ የምትረከቢው። ያቺማ አንዴ አበላሽታ የለ እንዴ?» አለችኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ልቤ ዘለለ። ስመኘው የኖርሁት ነዋ።

እትዬ አስካለች፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ስሙኝ፤ ርስቴ አይደለችም።

እማማ፣ ይህን በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ። ይቅር በይኝ፤ አፈሩን ያቅልልሽ፤ በሰላም ሂጂ።

ርስቴ፣ ጉድጓዶቹ ያንቺ ናቸው። ቅናቴ አለቀ ብዬ አላታልልሽም፤ አሁንም አለ። ግን ካንቺ መማር እፈልጋለሁ። ታስተምሪኛለሽ ወይ? እዚሁ፣ ሰው ሁሉ ፊት መልሺልኝ።