የወይዘሮ የምሥራች አለምነህ የጠጠር ጣሳ

የተከበራችሁ ቀሳውስትና ሽማግሌዎች፣ ከገዴራም ከያቭነም ፀሐዩን ችላችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ይሄይስ የእኅቴን ዜና ሕይወት ሳነብ ድምፄ ቢሰበር ታገሡኝ። እሳቸው ቢሆኑ ቶሎ በል ይሉኝ ነበር፤ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ማየት አይሆንላቸውም።

ወይዘሮ የምሥራች ከአባታቸው ከአቶ አለምነህ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሪቱ ብሩ ከሰባ ሦስት ዓመት በፊት በጎንደር፣ በወገራ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ለአቶ ዘሩ መኮንን ተዳሩ፤ አስራትንና ታፈሰችንም ወለዱ። አያቶቻችን ወደ ተዉት ወደ አይሁድ እምነት ተመልሰን፣ ወደ እስራኤል እስክንገባ ድረስ ጎንደር ከተማ ውስጥ ስድስት ዓመት ስንጠብቅ፣ ሌላው ተቀምጦ ሲተክዝ እሳቸው ሻንጣውን በየሳምንቱ እየፈቱ እንደገና ያስሩት ነበር።

ቂርያት ማላኪ ከተማ ከገቡም በኋላ፣ መጀመሪያ ላይ ጠዋት ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ እየተማሩ፣ ከሰዓት በቤኤር ቱቪያ መጋዘን ዕቃ እያሸጉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። አለቃቸው ለእግራቸው አዝኖ ወንበር ቢያመጣላቸው የዕቃ ማስቀመጫ አደረጉት። አቶ ዘሩ ሲያርፉና ጡረታም ሲመጣ ቤቱ ጠበባቸው፤ ስለዚህ ትምህርት በሚዘጋበት በሐምሌ ወር ጸሎት ቤታችን ለልጆች በሚያዘጋጀው የዕረፍት ወር መዋያ፣ በካይታናው፣ ያለ ደመወዝ ልጆች ይጠብቁ ጀመር። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሰው “ያላ፣ ተነሡ!” ሲሉ፣ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ሳይሆን የጸሎት ቤቱ ተላላኪም አብሮ ይነሣ ነበር።

አሁን የማነበውን ቤተሰቡ ተወው ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ትቼ ስለ እኅቴ ብናገር ስለ ሌላ ሰው መናገር ይሆንብኛል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልጆቹን ይዘው ያቭነ ወደሚገኝ መናፈሻ ሄዱ። የመመለሻው ሰዓት ደርሶ አስተባባሪው ኤታን ልጆቹን በቁጥር ሊያስገባ ሲል፣ ልጅ አይቆጠርም፣ ዓይን ይገባበታል ብለው ከለከሉት፤ እንደ ወገራ ልማድ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ፣ የተጠራውም አቤት እያለ ወደ አውቶቡሱ እንዲገባ አደረጉ። ማዕያን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ግን የመጣችው በዚያው ጠዋት ነበርና ስሟ ከእኅቴ ልብ ገና አልገባም።

ገዴራ ደርሰው የዚያን ሰፈር ልጆች ሲያወርዱ ባለቤት ያጣ ቦርሳ ተገኘ። ወይዘሮ የምሥራች ያገኙትን መኪና አስቁመው ወደ ያቭነ ተመለሱ። ልጅቱ እግሯን ስትታጠብበት በነበረው ቧንቧ አጠገብ፣ ቦርሳ የሌለው ጀርባዋን ለግንብ ሰጥታ ተቀምጣለች። ለምን አልመጣሽም ቢሏት፣ “ስሜን እኮ አልጠራችሁም” አለች። የተባለችውን ፈጽማ ነበርና ጥፋቱ የእኅቴ ብቻ ሆነ።

እናቷ ወይዘሮ ካሪን ልጃቸውን ከካይታናው አስወጡ፤ ከእንግዲህም ስሟን በአፍዎ አይጥሩ አሉ። ወይዘሮ የምሥራች ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍም ተቀምጦ መብላትም ራቃቸው። በየዓመቱ ከአስተስርዮ፣ ከይቅርታው ጾም በፊት ገዴራ ሄደው ይቅርታ ለመኑ፤ በሩ አራት ዓመት አልተከፈተም። እኔም በቃዎት ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። በአምስተኛው ሐምሌ ማዕያን ብቻዋን ወደ ካይታናው መጣች። እናቷ ልከዋታል፤ ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል ግን አብሮ አልመጣም።

ልጅ ላለመቁጠርም ልጅ ላለመጣልም እኅቴ አንድ ዘዴ አበጁ፤ ሲወጡ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠጠር የወይራ ፍሬ ከነበረበት ባዶ ጣሳ አውጥተው ይሰጣሉ፣ ሲመለሱ ልጁ ጠጠሩን ይመልሳል፣ የሚቆጠረውም ጠጠሩ ነው። ጣሳውን የምትይዘው ማዕያን ነበረች።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ታመመ። ሐኪሞች ተኝተው እንዲቆዩ ቢያዟቸውም እስከ መጨረሻው ሳምንት ከአልጋ እየተነሡ፣ ጠጠሩ ሁሉ ገብቷል ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። የዘንድሮው ካይታና በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ልጆቻቸው አስራትና ታፈሰች፣ የልጅ ልጆቻቸው ሮተምና ዴቪር፣ እኔም ወንድማቸው በኀዘን ላይ ነን። የካይታናውን ልጆች ቁጥር አልናገርም፤ እሳቸው አይወዱም። በዚህ አገር በመቃብር ላይ ጠጠር ማኖር ልማድ ነውና፣ ማዕያን ጣሳውን ይዛ በር ላይ ቆማ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሰጥታችኋለች። ዛሬ ጠዋት ከሁላችን ቀድመው መጥተው፣ ለእኔም ስጪኝ ብለው የመጀመሪያውን ጠጠር የወሰዱት ወይዘሮ ካሪን ናቸው። እንግዲህ እሳቸው አስቀድመው ያኑሩ፤ እኛም እንከተል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ እኅት ዓለም፣ ጠጠሩ ሁሉ ገብቷል፤ አሁን ይቀመጡ።