መንበረ ቀድማኝ ስለዋጠችው የክብደት መቀነሻ

የምስክር ቃል መቀበያ
የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ፈንታዬ አለበል በላቸው
ዕድሜ፦ 47
የትውልድ ቦታ፦ ድብ ባሕር አካባቢ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ የኪራይ ቤት
ሥራ፦ ጥልፍ ጠላፊ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን መዝሙር ኃይለ ማርያም

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ በአራዳ ገበያ መግቢያ ላይ ጎረቤቴ ወ/ሮ መንበረ አበራ ስለወደቀችበት ሁኔታ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። መጥሪያ አልደረሰኝም፤ በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት።

መንበረና እኔ በአንድ ግቢ ግድግዳ ተጋርተን አሥራ ሁለት ዓመት ኖረናል። እሷ ስታስል እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ስሳደብ እሷ ትሰማለች። ሁለታችንም ቤተ እስራኤል ነን። ከየቀያችን ተነስተን ጎንደር የገባነውም ኢየሩሳሌም ለመግባት ተመዝግበን ተራ ለመጠበቅ ነው። የእሷ ልጅ እዚያ ነው፤ የእኔም ልጅ እዚያ ናት።

ልጄ ሳሪት ፈጠነ በ2007 ዓ.ም. ከአባቷ እናት ጋር ስትሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቷል። የአያቷ ፋይል ሲያልፍ የእኔ ቀረ። “አንድ ዓመት ነው፣ ትደርሺባታለሽ” ተባልኩ፤ ይኸው አሥር ዓመት ሆነ። አሁን አግብታ ነፍሰ ጡር ናት፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። በደወለች ቁጥር “እማ፣ ማን ያርሰኛል?” ትለኛለች። ልጅ ስትወልድ የምታርሳት እናቷ መሆኗን መርማሪውም ያውቃል፤ ገንፎዋን የምታገነፋ፣ ወገቧን የምታስር፣ ሕፃኑን ተቀብላ “አንቺ ተኚ” የምትል እናት ናት። እኔ የምፈልግ ይኸን ነው። ሌሊት ስተኛም የምፈልግ ይኸን፣ መርፌ ስይዝም የምፈልግ ይኸን ነው። ያሳደጋት ሌላ ሰው ነው፤ ማረሱ እንኳ ለእኔ ይሁንልኝ ብዬ እግዚአብሔርን የለመንኩበት ቀን ስፍር ቁጥር የለውም።

ግንቦት 26 ቀን የሁለታችንም ስም ወጣ። ሰኔ 23 ቀን ለጤና ምርመራ እንድንቀርብ ተነገረን። መንበረ እልልታዋን ስትለቀው ጎረቤቱ ሠርግ መስሎት ወጣ። በማግስቱ ግን ወሬው መጣ። ባለፈው ዙር አንዲት ወፍራም ጎረቤታችን “ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ” ተብላ ነበር፤ ግቢው በሙሉ “ክብደቷ ነው የጣላት፣ ወፍራም አያሳልፉም” አለ። ማን እንዳየ፣ ማን እንደሰማ የጠየቀ የለም። ተራ የሚጠብቅ ሰው የማያምነው ወሬ የለም። እኔ ባደግሁበት አገር ወፍራም ሴት ሸጋ ነው የምትባል፤ እናቴ እኔን ለማወፈር ስንት ቅቤ አፍስሳለች። አሁን ሥጋዬ በእኔና በልጄ መካከል የቆመ ግንብ ሆኖ ታየኝ።

ሰኔ 2 ቀን ሰኞ ጠዋት ሁለታችን አራዳ ወረድን። በገበያው መግቢያ ላይ አያ ወልደኢየሱስ የተባሉ ሽማግሌ ሚዛን አስቀምጠው ሰው ይመዝናሉ። እኔ 93 ኪሎ፣ መንበረ 96 ኪሎ ሆንን። አያ ወልደኢየሱስ “ምነው ፊታችሁ ጠቆረ? የጠገበ ሰው ተመስገን ይላል እንጂ” ብለው ሳቁብን። እኛ አልሳቅንም። ከዚያ መዋቢያ ወደሚሸጠው ወደ ተጠርጣሪው አቶ አንዳርጋቸው ሱቅ ገባን። ችግራችንን ስንነግረው ከመደርደሪያ ላይ አረንጓዴ ክዳን ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ብልቃጦች አወረደ። ጽሑፉ የባሕር ማዶ ስለሆነ ማንበብ አልቻልንም፤ ከላዩ ወገቧ የቀጠነ ሴት ሥዕል አለበት። “ተክል ነው፣ ሐኪም አያስፈልገውም። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ዋጡ፤ በሦስት ሳምንት አሥር ኪሎ ይወርዳል” አለን። አንዳንድ ይዘን ወጣን።

እኔ ፈሪ ነኝ። ብልቃጡን ከሣጥኔ ላይ አስቀምጬ ስንት ጊዜ ከፈትኩት፣ ስንት ጊዜ ዘጋሁት። አንዴ ሳሪት ምጥ ይዟት እኔን ስትጠራ ይሰማኝና እንክብሉን ከመዳፌ ላይ አደርጋለሁ፤ ደግሞ ሞቼ ሬሳዬን እዚህ ሲቀብሩት ይታየኝና እመልሰዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት መንበረ ውኃ በጣሳ ይዛ መጣችና “በይ እንዋጠው” አለችኝ። እኔም “አንቺ ቅደሚ፤ ካልጎዳሽ እከተላለሁ” አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እሷም “እቴ! አንቺ እስክትቆርጪ ልጅሽ የልጅ ልጅ ታያለች” ብላ ስቃ ዋጠችው።

ሰኔ 9 ቀን ስትመዘን ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። ደስታዋን ማን ይቻለው! ነገር ግን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት እኔ አስገባሁላት። እንቅልፍ እምቢ እንዳላትና ልቧ ድው ድው እንደሚል ነገረችኝ። ቀኑ ደረሰ ብላም ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለት ፈንታ አራት ትውጥ ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላት “ቀላል ነው፣ ስብ ሲቀልጥ ነው” አለችኝ።

ሰኔ 13 ቀን ዓርብ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ የእኔን ብልቃጥ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ ወ/ሪት ጸሎት ትባላለች። ብልቃጡን አገላብጣ አየችና የምዝገባ ምልክት እንደሌለው፣ ውስጡ ያለውንም እሷ ራሷ እንደማታውቅ ነገረችኝ። የሚንቀጠቀጥና ልቡ የሚመታ ሰው ካለ ዛሬውኑ አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት አለች። የደም ግፊቴንም ለካችኝ። ስለ ምርመራው ስነግራት “እናቴ፣ በውፍረት ተከለከለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይልቅ ይህን ውጠሽ ግፊትሽ ከወጣ ያኔ ነው ‘ቆዪ’ የሚሉሽ” አለችኝ። በኋላ እንደሰማሁት ያቺ የተመለሰችው ጎረቤታችንም የሳንባ መድኃኒት ጀምራ ስለነበር ነው እንጂ ክብደቷን ማንም አልነካባትም።

ከዚህ በታች ያለውን መርማሪው ለአቶ አንዳርጋቸው ጉዳይ እንደማያስፈልግ ነግሮኛል። “እትዬ፣ ዓርብ መድኃኒት ቤት ሄድሽ፣ ሰኞ እሷ ወደቀች፤ ይበቃል” ብሎኛል። እኔ ግን ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ዓርብ ወደ ቤት ስመለስ መንበረ ከደጇ ላይ ለሰንበት ምሳችን ሽንኩርት ትልጥ ነበር። “ወዴት ጠፋሽ?” አለችኝ። “ክር ልገዛ” አልኳት። አልነገርኳትም። ቅዳሜ ጸሎት ቤት ውስጥ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ጉልበቴን ይነካኝ ነበር። አልነገርኳትም። እሑድ የድሮ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ “ዚፑ ተዘጋ!” ብላ ከፊቴ ዞረች። እኔም “ሸጋ ሆነሻል” አልኳት።

ምነው ዝም አልሽ ለተባልኩት የምመልሰው ይኸን ነው። ባለሙያዋን አላመንኳትም ማለት እችል ነበር፤ ውሸት ነው፣ አምኛታለሁ። ግን ደግሞ ወሬው እውነት ቢሆንስ አልኩ። ሰኞ ልትመዘን ነው፤ ሌላ አምስት ኪሎ ቀንሳ በእግሯ ከቆመች እኔም እውጠዋለሁ፣ ለልጄ እደርሳለሁ አልኩ። ሰኞን ልይ ብዬ የእኅት ያህል የቀረበችኝን ሰው መሞከሪያ አደረግኋት። ሌላ ስም የለውም።

ሰኔ 16 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ አብረን ወረድን። መንበረ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አያ ወልደኢየሱስ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ሲያዩ እሷ ደረቷን ያዘች፤ “ፈንታዬ” አለችኝና በጎኗ ወደቀች። አፏ አረፋ አልደፈቀም፤ ዓይኗ ግን አያየኝም ነበር። አያ ወልደኢየሱስ ባጃጅ አስቁመው እኔና እሳቸው አንስተን ሆስፒታል አደረስናት። ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥቼ ለሐኪሙ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ የእኔንም ብልቃጥ፣ አንድም ሳይጎድልለት፣ ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ነቃች። ሐኪሙ ልቧ ተጎድቷል፣ ብዙ ጊዜ ትተኛለች፣ ለሰኔ 23 አትደርስም ብሏል። እሷ ግን ይህን ገና አልሰማችም። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ “ስንት ሆንኩ?” ብላ ነው። ቁጥሩን አላየሁትም ነበር። “ቀንሰሻል” አልኳት። እጄን ይዛ “እንግዲህ አንቺም ጀምሪ፣ አብረን ነው የምንገባ” አለችኝ። ወጥቼ ከኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ሳሪት ስትደውል አላነሳሁላትም፤ ምን እላታለሁ?

መርማሪው ክሱ ሲቀርብ ለምስክርነት ልጠራ እንደምችል ነግሮኝ፣ ጉዞዬ ከቀደመ ምን እንደማደርግ ጠይቆኛል። አላውቅም ብያለሁ። የማውቀው ዛሬ ከዚህ ስወጣ በቀጥታ ሆስፒታል ሄጄ እያወቅሁ የደበቅኋትን ሦስት ቀናት ለመንበረ እንደምነግራት ነው። ብትሰድበኝ፣ ፊቷን ብታዞርብኝ፣ ልጇም ቢረግመኝ እቀበላለሁ። ሰኞ ሰኔ 23 ቀን ግን ለምርመራው እቀርባለሁ። ብቻዬን እቀርባለሁ። ይህን ሁሉ አድርጌም አሁንም መሄድ እፈልጋለሁ፤ አሁንም ልጄን ማረስ እፈልጋለሁ። ይህም ይጻፍልኝ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል። የተናገርኩት ነው፤ ያልተናገርኩት አልገባበትም፣ እንዲወጣ የጠየቅሁትም የለም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፈንታዬ አለበል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን መዝሙር ኃይለ ማርያም
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5፡10 ሰዓት፣ ጎንደር