የሐያት የሥራ ውል

ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነኝ። የዐስር ሶላቴን ሰግጄ ስልኬን ብከፍት፣ ደሴ ላይ ኮሌጅ የምትማረው የእህቴ ልጅ ሐያት በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። «አጎቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ በለኝ! ትምህርቱን ትቼ እዚያው ጅዳ ልመጣልህ ነው። ኩባንያ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ! ነገ እፈርማለሁ» ትላለች። እኔ ከቁርአን ቤት በቀር ትምህርት ቤት አላውቅም፤ አረብኛ ማንበብ ግን አያቅተኝም። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ወዲያው ደወልኩ። «ልጄ፣ ይሄ የቤት ሠራተኛ ውል ነው። ጸሐፊ የሚል ቃል የለበትም።»

«ውሉን የሰጠኝ ደላላ እኮ...»

«ደላላውማ አንቺ እንደማታነቢው ያውቃል!»

«አጎቴ፣ ስልኩን ላውድ ላይ ላድርገውና እስቲ ድገመው» አለችኝ። ለካ ዶርም ውስጥ ጓደኞቿ ከበዋት ኖሯል። ደገምኩላቸው። አንዷ በቀጭን ድምፅ «ጋሼ፣ የኔንም ያንብቡልኝ» አለች። ሌላዋም ቀጠለች። ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። የሦስቱንም አነበብኩ፤ ከስማቸው በቀር ቃሉ ሁሉ አንድ ነው።

«ፈርማችኋል?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ወላሂ አንዳችንም አልፈረምንም!» አለች ሐያት።

አልሐምዱሊላህ። ያን ቀን መግሪብ ሶላት ላይ ከሱጁድ ግንባሬን ቶሎ አላነሳሁም።