ሂናው እንዳይለቅ

ሮምዬ፣ ይሄ ሙከይፍሽ ቅዝቃዜው እንዴት ደስ ይላል! ጉለይል ቤቴ ያለው የኔው እንደ አሮጌ መኪና እየጮኸ ሙቅ አየር ይተፋብኛል። ሳምቡሳሽም ጥሩ ነው... ጨው ትንሽ አንሶታል እንጂ። ለኛ ለደም ግፊተኞች አዝነሽ ነው መሰለኝ፤ ነርስነትሽን ማድ ቤት ስትገቢም አትረሺውም። በይ እስቲ ያንን ሶፍት ሶፋው ላይ ላሉት እመቤት አቀብያቸው። ፊልሙ ካለቀ ቆየ፣ የሳቸው ዓይን ግን ገና አልደረቀም፤ ያ የሚያምረው ያንገት ወርቃቸው ሳይቀር በእንባ ራሰ እኮ።

እኔ? እኔማ አላለቀስኩም። ፊልሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቤቱ፣ ሠረገላው፣ ያ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ሁሉ... የጌታው ልጅ ልብስ ሰፊዋን ወደደ፤ እናቱ እምቢ አለች፤ ልጁ በንዴት ብርጭቆውን ግድግዳ ላይ ከሰከሰው፤ በመጨረሻ እናትየዋ ተጸጸተችና የልብስ ሰፊዋን እጅ ሳመች። ሁላችሁም ተነፋረቃችሁ። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ስጠብቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ግብዣ መሀል ሰሃን የሚያጥብ ሰው አየሽ? አምሳ ዓመት ልብ ወለድ አንብቤያለሁ። ይዋደዳሉ፣ ይለያያሉ፣ ይጋባሉ... የድግሱን ሰሃን ማን እንዳጠበው የነገረኝ ደራሲ ግን የለም።

ይሄን ሳስብ አንዲት የማውቃቸው ሴት ትዝ አሉኝ። አንቺ አታውቂያቸውም... ወይም ታውቂያቸው ይሆናል፣ ጅዳ እንደሆነ ጠባብ ነው። ማሻአላህ፣ ልባቸው ሲራራ! ድሃ ሲበደል አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ ያለቅሳሉ። ፊልም ላይ ማለቴ ነው።

ሂክማን ታውቂያት የለ? ኑዝላ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው፣ እኔን አክስቴ እያለች ጁምዓ ጁምዓ እኔ ዘንድ የምትውለው። የእኚያ ያልኩሽ ሴትዮ ልጅ፣ ሐኪሙ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አገባሻለሁ ሲላት ኖሯል። ባለፈው ረመዳን ሴትዮዋ ራሳቸው ደወሉላት። «ቅዳሜ ለኢፍጣር እቤት ነይ፤ ቀደም ብለሽ ድረሺ» አሏት። ልጅቷ ምን ታስብ? ለመታየት የተጠራች መሰላት። ማዳሟን ለምና የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ ከጓደኛዋ አረንጓዴ ቀሚስ ተዋሰች፤ እጇን እስከ ክርኗ ሂና ተቀባች። እኔም ሞኟ አሮጊት ከዒድ እስከ ዒድ የማቆያትን ሽቶ ረጨሁባት።

በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ናቸው። ትሕትናቸውን ተመልከቺ! ሂናዋን አይተው «እንዴት ያምራል!» አሉ። ከዚያ እየመሩ ወሰዷት... ሳሎን መሰለሽ? ማድ ቤት። አርባ እንግዳ ተጠርቷል፣ ሠራተኛቸው ደግሞ ታማለች። ግን አዘኑላት እኮ፣ ሮማን! «ሂናው እንዳይለቅ» ብለው ቢጫ የላስቲክ ጓንት ሰጧት። አዲስ ጓንት፣ ገና ከእሽጉ የወጣ! ይሄን የሚያስብ ስንት ሰው አለ? እኔ ካነበብኳቸው እመቤቶች አንዷም አላሰበችው።

ልጁስ አትዪኝም? መጣ እንጂ። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አያት። የፊልሙ ልጅ ብርጭቆ ሰበረ አይደል? የኛው ጨዋ አሳዳጊ ያሳደገው ነው፣ ዕቃ አይሰብርም። የያዛቸውን ብርጭቆዎች በሙሉ በጥንቃቄ አቀበላት... እንድታጥባቸው።

ስትወጣም እናቱ ባዶ እጇን አልሰደዷትም። የተረፈውን ምግብ በሁለት ፌስታል አስይዘው፣ በጓሮ በር፣ በሾፌር አሳፍረው ሸኟት። ሂክማ እኔ ዘንድ መጥታ ፌስታሎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጓንቱ እጇ ላይ ነበር። ማውለቁን ረስታዋለች። እኔ ሳወልቅላት ሂናው፣ ወላሂ፣ ምንም አልሆነም።

አልወቅሳቸውም። ልጃቸውን ለትልቅ ሰው ልጅ መመኘት ምን ነውር አለው? አሁን አግኝተዋል፤ አባቷ አዲስ አበባ ያሉ ባለሥልጣን ናቸው አሉ። ሐሙስ ሽማግሌ ይላካል። ለዚሁ ጉዳይ ነው ባለፈው ሳምንት እኔን ያስታወሱኝ። «ብዕርሽ ጥሩ ነው፤ ስለ ቤተሰባችን ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ሽማግሌዎቹ ለልጅቷ አባት ይሰጡታል። ጅዳ ስመጣ አስተማሪ እንደነበርኩ አስገቢበት» አሉኝ። ምን ይደንቃል? ድሮም የሳቸውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አልነገርኩሽም እንዴ? በዑምራ ቪዛ አብረን መጥተን መካ አንድ ቤት ተቀጠርን። እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ እሳቸው ሻይ ያቀርባሉ። ያኔ አንቺ እንባባል ነበር። የቤቱ ልጅ አንድ ቀን አብሮት የሚሠራ ያገራችንን ኢንጂነር ይዞ መጣ። ኢንጂነሩ እሳቸውን ትሪ ይዘው አያቸው፤ በዚያው ልቡ ቀረ። ደብዳቤ ላከ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም ነበርና መልሱን እኔ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ደብዳቤ! ያን ሁሉ ፍቅር ከየት እንዳመጣሁት... እሱን አትጠይቂኝ። ሰውየው፣ አላህ ይዘንለትና፣ እስኪሞት ድረስ ደብዳቤዎቹን በብረት ሳጥን ቆልፎ አስቀምጧቸዋል አሉ።

የሱ እናት ደግሞ ሙሽራዋ የሰው ቤት ሠራተኛ መሆኗን ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? «ልጄ የወደዳት ልጄ ናት» ብለው ካንገታቸው ላይ ወርቃቸውን አውልቀው ከደሴ ላኩላት። ጓንት አላሰቡም፣ ያገር ቤት ሴት ናቸው። ወርቁ ግን ዛሬም ድረስ ያበራል... እንባ ሲነካው ደግሞ ይብሳል።

ደብዳቤውን ጨርሼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። እንደታዘዝኩት ስለ ቤተሰቡ ነው የጻፍኩት። ትሪውም አለ፣ ወርቁም አለ፣ ጓንቱም አልቀረም። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት መጻፍ አይሆንልኝም። ስሕተት ካገኙበት ራሳቸው ያርሙት... አስተማሪ አይደሉ?

በይ ልነሳ። ሂክማ ማክሰኞ አገሯ ትገባለች፤ ሻንጣዋን አብረን እናሰናዳለን። ግን ይሄን የመሰለ ግብዣ በልተው ሳይመርቁ መሄድ አይገባም። ለእኚያ ደግ ሴት ልመርቅ ነው፤ ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉ።

አላህ የልጃቸውን ሠርግ ያሳምርላቸው። የተመኟትን የትልቅ ሰው ልጅ ቤታቸው ያግባላቸው። መልኳን እንደ ፈቀደ ያድርገው፣ ልቧን ግን ቁርጥ የሳቸውን ይስጣት። እርጅናቸውን በሷ ቤት፣ በሷ እጅ ያድርገው። እሳቸው እንግዳ በተቀበሉበት እጅ ትቀበላቸው። እጃቸውም እንዳማረ እንዲኖር... ጓንት የምታቀብል ምራት አይንሳቸው።

አሚን በሉ እንጂ! ከሶፋው በኩል አልሰማሁም።